ክሊኒክ ቤት ነውን?

ከላኦስ ተሰደው በአሜሪካዋ ሴንት ፖል ከተማ በሚኖሩት የሞንግ ብሔረሰብ ሰዎች ዘንድ ስለ አራስ ወግ ክርክር ሲነሣ፣ ያለ አሮጊቷ ብሊያ ፍርድ አይሰጥም ነበር። አራስ ወሯ እስኪያልቅ ከትኩስ የዶሮ ሾርባና ከሩዝ በቀር አትቀምስም፤ ቀዝቃዛ ውኃ አትነካም፤ ከሁሉም በላይ የሰው ቤት አትረግጥም፤ የዚያን ቤት መናፍስት ታስቀይማለችና።

ታዲያ የገዛ ምራቷ ፓ ንያ ስትወልድ ብሊያ እጅጌዋን ሰብስባ ተነሣች። ምራቲቱ አለቀሰች፤ ብሊያ ዶሮ ቀቀለች። ደግማ አለቀሰች፤ ሌላ ዶሮ ተቀቀለ።

«እማዬ፣ የከተማውን ዶሮ ፈጀሽው እኮ!» አላት ልጇ ቹ።

«ዝም በል! አንተን ወልጄ የበላሁት ዶሮ ነው ይህን ሁሉ አፍ ያወጣልህ።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ፓ ንያ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

«እማማ፣ ሾርባዎ ጥሩ ነው። እኔ ነኝ ደኅና ያልሆንሁት። ሕፃኑን ሳቅፈው የጎረቤት ልጅ የያዝሁ ይመስለኛል። የክሊኒኩ ሐኪም በስልክ አነጋግራኝ ዛሬውኑ ነይ ብላኛለች።»

ብሊያ ጭልፋዋን አስቀመጠች። እርሷም በስደተኞች ሰፈር ቹን የወለደች ጊዜ እንዲሁ ሆና ነበር፤ ያኔ አሮጊቶቹ ነፍስሽ ደንግጣ ሸሽታ ነው ብለው አባብለዋት ነበር። ወጉስ? ወሩ ገና አላለቀም። እንደ ዳኛ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እዚያ ክሊኒክ ምድጃ አለ?»

«የለም፣ እማማ።»

«የሚያድርበት ሰውስ?»

«ማታ ይዘጋል።»

«እንደ ቤታችን የቤት ጠባቂው መንፈስ የሚቀመጥበት ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል?»

«የተለጠፈው የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል ነው» አለ ቹ።

«እንግዲያው ቤት አይደለም! ቆዩ ብቻ፣ ካልሲ አምጡ!»

ፓ ንያ በካልሲ ላይ ካልሲ፣ በሻርፕ ላይ ሻርፕ ደርባ ስትወጣ የተጠቀለለ ምንጣፍ መሰለች። «ሐኪሟ ፈልጋ ካገኘችኝ ጎበዝ ናት» አለች ከውስጥ።

ሐኪሟ ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የድብርት ሕመም መሆኑን፣ ስንፍና እንዳልሆነ፣ እንደሚታከምም አስረዳች። ብሊያ በቹ አስተርጓሚነት መለሰችላት፦

«እኛ ነፍስ ሸሸች እንላለን፣ እናንተ ሕመም ትላላችሁ። በስሙ አንጣላም፤ ብቻ ይመልሱልን።»

ሲመለሱ ፓ ንያ አማቷ ያቀፈችውን ሕፃን ስጡኝ አላለችም፤ ገና አልተሻላትም ነበር። ነገር ግን መኪናው ውስጥ፣ እንቅልፍ ካጣች ከስንት ቀን በኋላ፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ቹ በራቸው ላይ ሊያቆም ሲል ብሊያ ትከሻውን ያዘችው።

«አታቁም! ሰፈሩን ዙረው።»

«እማዬ፣ ነዳጁ እኮ...»

«ዙር ብዬሃለሁ፤ ቀስ ብለህ!»