የፈሪሃ እናት እና የቤይሩቷ እንግዳ

እትዬ አሪፋ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከመስኖው ቦይ ማዶ፣ በሰው የሽንኩርት እርሻ በቀን ሥራ ሲኮተኩቱ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ባላቸው ቀድመዋቸው ሞቱ። አንዲት ልጃቸው ፈሪሃ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ቤይሩት ሄደች፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ቆይታ እዚያው ታማ ሞተች። መርዶው በስልክ መጣ፤ አስከሬኗ አልመጣም። እትዬ አሪፋ ለቅሶ ቢቀመጡም ሰደቃዋን አላወጡም። ጎረቤታቸው ከበቡሽ ስትጎተጉታቸው «እንዴት እንደተቀበረች ሳላውቅ ምን ብዬ?» ይሏታል።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ አንዲት ቀጭን የባዕድ አገር ልጅ ከባጃጅ ወርዳ በራቸው ላይ ቆመች። ሪማ ትባላለች፤ ፈሪሃ ከስድስት ወሯ ጀምራ ያሳደገቻት የአሠሪዋ ልጅ ናት።

«አሪፋ አንቺ ነሽ?» አለች በአማርኛ።

ከበቡሽ ደነገጠች። ትልቅ ሴት እንዴት «አንቺ» ይባላሉ? እትዬ አሪፋ ግን የሰሙት ሌላ ነው። የልጅቱ አነጋገር፣ የቃሉ አጎታተት ሳይቀር፣ የፈሪሃ ነበር። ፈሪሃ ለሕፃን ያወራችውን አማርኛ ብቻ ነው የምታውቀው፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር መኖሩን ማንም አልነገራትም። እትዬ አሪፋ መቃኑን ይዘው «ግቢ» አሏት።

ሙቀቱ ቤት አያስቀምጥምና ደጅ ጠፍር አልጋ ላይ አጎበር ተሰቀለላት። ጠዋት ተከትላቸው እርሻ ወረደች፤ ሰው ጎንበስ ሲል ጎንበስ አለች፤ ረፋድ ላይ መዳፏ ተላጠ። በማግስቱ ገበያ ሄደች። የማሾ እህል በጣሳ ሲሰፈር ቆማ አየች፤ አንዷ ሻጭ ጭብጥ ሙሉ መርቃ ስትጨምር ምክንያቱን ጠየቀች፤ ሴቶቹ ሳቁባት። ከቦዩ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ግማሹን መንገድ ላይ ደፋችው።

«ፈሪሃ ሽንኩርት ስትከትፍ ትዘፍን ነበር» አለች ሪማ የዚያን ዕለት ማታ።

እትዬ አሪፋ ፊታቸውን አዞሩ። ልጃቸው ስትዘፍን ሰምተው አያውቁም።

በአራተኛው ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሪማ ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ከበቡሽም ነበረች።

«የመጣሁት ልነግርሽ ነው» አለች። «ፈሪሃ ሁለት ጊዜ ወደ አንቺ ልትመለስ ብላ ነበር። እናቴ ፓስፖርቷን ደብቃ ከለከለቻት። በመጀመሪያው እኔም አልቅሼ የፈሪሃን እግር ያዝኩ፤ ልጅ ነበርኩ። በሁለተኛው ግን ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ፓስፖርቱ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ።»

እትዬ አሪፋ ተነሥተው ወጡ። የእርሻው ሥራ አብቅቶ ሰው ተበትኗል፤ እሳቸው ቦዩ ዳር ብቻቸውን ተቀመጡ። ከበቡሽ ወደ ሪማ ዞራ «ሻንጣሽን አዘጋጂ ልጄ፤ ነገ በጠዋት መኪና አለ» አለቻት።

መግሪብ ሲደርስ ተመለሱ። ሰግደው ሲያበቁ፣ ከመስገጃቸው ሳይነሡ ጠየቁ።

«ገላዋን ማን አጠበው?»

«እኔ። አንዲት ሴት እያሳየችኝ። ፀጉሯን ሦስት አድርጌ ጎነጎንኩት።»

«ከፈንስ?»

«ነጭ ጨርቅ ነበር። ንጹሕ። ሶላትም ተሰገደባት። መቃብሯ ላይ ስሟ አለ።»

«ለፓስፖርቱ» አሉ እትዬ አሪፋ፣ «አፉ አላልኩሽም። ልዋሽሽ አልችልም። ገላዋን ስላጠብሽልኝ ግን አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ።» ከዚያ ከመርዶው ቀን ወዲህ ባልተሰማ ድምፅ አለቀሱ። ሪማ ልትነካቸው ፈርታ አጠገባቸው ቆየች።

ለጁምዓ ለፈሪሃ ሰደቃ ፍየል ታረደ። ሪማ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ዓይኗ እየነደደ ሽንኩርት ስትከትፍ ዋለች፤ ከበቡሽ ውኃ አመላለሰች። ሸሁ ዱዓ ሲያደርጉ የፈሪሃን ስም ከነአባቷ ጠሩ፤ ሰዉም «አሚን» አለ።

ቅዳሜ እትዬ አሪፋ እንግዳቸውን መናኸሪያ ድረስ ሸኙ። ሪማ ሚኒባሱ በር ላይ ቆማ «ለእናቴ ምን ልበላት?» ብላ ጠየቀች።

«ራሷ ትምጣ በያት።»

እናቲቱ እስካሁን አልመጣችም። ሪማ ግን በየዒዱ ትደውላለች፤ እትዬ አሪፋም ስልኩን ያነሣሉ።