የአባቴ መርፌ

ነርሷ ክንዴን በአልኮል ስትጠርገው ሽታው ወዳደግሁበት ከተማ ወደ ይጁቤ መለሰኝ። በጃንሆይ ጊዜ አባቴ እዚያ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነበር፤ አገሩ ግን ሐኪም ይለዋል። የዳነ ሰው ሁሉ በገበያ ቀን አረቄ ይዞለት ይመጣል። አልቀምስም ማለት ሰውን መናቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ትኩሳት ያዘኝና አባቴ ሊወጋኝ መርፌውን ሲያነሳ እጁ ተንቀጠቀጠ። መርፌውን አስቀመጠና እናቴን፣ «እስቲ አንድ መለኪያ ቅጂልኝ» አላት።

«የገዛ ልጅዎን ለመውጋትም?» አለችው። እያለቀሰች ቀዳችለት።

ጠጣ። እጁ ረጋ፤ መርፌው ሲገባ እንኳ አልተሰማኝም።

«አባባ፣ መድኃኒትዎ ሠራ!» አልኩት ደስ ብሎኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አመመዎት እንዴ?» አለችኝ ነርሷ፣ እንባዬን አይታ።

«አላመመኝም ልጄ። ያኔም አላመመኝም።»