የሸማኔው ልጅና ነጩ አንበሳ

«እህቴ፣ ሁለት ቡኒ አንበሳ ነጭ ይወልዳል እንዴ?»

የጠየቀኝ ሽሮ ሜዳ በአንድ ግቢ አብሮን የሚኖረው ጎረቤታችን ሸማኔው ነው። የባዮሎጂ ተማሪ፣ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበርኩ። ከአሮጌ የውጭ መጽሔት የቀደድኩትን የነጭ አንበሳ ፎቶ በራችን ላይ ለጥፌ ነበር፤ እሱ እግሩን የመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ሲሸምን ፎቶው ፊት ለፊቱ ነው።

ለፈተና እየሮጥኩ ነበር። «ይወልዳል፣ ግን ብርቅ ነው» ብዬው ወጣሁ።

«አይ የተማረ ሰው! ለጎረቤትም አጭር መልስ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ስቄ ሄድኩ። በቃ።

አሁን ተመርቄ ክፍለ ሀገር ተመድቤያለሁ። እዚህ ጠዋት ጠዋት ጸጥታው ያነቃኛል። ያ ግቢ ይናፍቀኛል፤ የመወርወሪያው ቷ ቷ፣ እሁድ እሁድ «ስብሰባ! ስብሰባ!» እያለ የሚጮኸው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ፣ ሲሰሙት በራቸውን ቀስ ብለው የሚዘጉት ጎረቤቶቼ። ያቺ ጥያቄ ግን ዛሬም ታሳፍረኛለች።

ሚስቱ ያኔ አራስ ነበረች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ ለሰው ስለማትታይ ሕፃኗን ማናችንም አላየናትም። የክርስትናዋ ዕለት መጠቅለያው ሲገለጥ ፀጉሯም ቅንድቧም ነጭ! ስለ አንበሳ ብሎ እንዳልጠየቀኝ የገባኝ ያኔ ነው።

የሸማኔው እናት «ከኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አሉ። በሳምንቱ የምራታቸውን ልብስ በነጠላ መቋጠር ጀመሩ፤ ከነልጇ ወደ ወላጆቿ ሊመልሷት። ሚስትየው ልጇን ታቅፋ በር ላይ ተቀምጣለች፣ አታለቅስም። ባልየው ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ አይሠራም።

ሄጄ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «ጂን የሚባል ነገር አለ፣ ሪሰሲቭ ሲሆን...»

«በአማርኛ!» አለኝ።

ተናደድኩ፤ በራሴ ነው። አራት ዓመት ተምሬ አንድ ሰው ማስረዳት ያቅተኝ? ከፊቱ የተጀመረ ጥበብ አለ። ጣቴን ቀይ ክሩ ላይ አደረግኩ።

«እዚህ ጋ ነጩ ድር ይታያል?»

«አይታይም። ቀዩ ሸፍኖታል።»

«የለም ማለት ነው?»

«እንዴት አይኖርም! ጥበቡን የያዘው ማን ሆነና?»

«ሰውም አንበሳም እንደዚያው ነው። ነጩ አንዳንዱ ውስጥ ተሸፍኖ አለ፤ ባለቤቱም አያውቀውም። ልጅ ከእናቷ ብቻ ከወረሰችው እንደተሸፈነ ይቀራል። ከሁለቱም ስትወርስ ነው የሚወጣው። የአንበሳው ምክንያት ከልጅህ ይለያል፣ አመጣጡ ግን አንድ ነው።»

«እሱን ለእማዬ ንገሪልኝ» አለ በቀስታ። «እኔን አይሰሙኝም።»

እሳቸው ቋጠሮውን እያጠበቁ ነበር። በኛ ግቢ ለትልቅ ሰው ቀና ተብሎ መልስ አይሰጥም፤ እኔ ግን ፊታቸው ቆምኩ።

«እማማ፣ ይፍቱት» አልኳቸው። «አዎ፣ ሁለት ቡኒ ነጭ ይወልዳል። ከሕፃኗ ነጭ ግማሹን ደግሞ የሰጣት የእርስዎ ልጅ ነው።»