በዳኛው ስም

ማሩ በሰው ስም ስምንት ዓመት ተማረ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጣሊያን በወጣ በማግስቱ «ከየአጥቢያው አንድ ልጅ ለጎንደር ትምህርት ቤት ይላክ፤ ምግቡም ልብሱም ከመንግሥት ነው» የሚል ትእዛዝ ኮሶዬ መንደር ደረሰ። ወይ ጉድ! መንግሥት ከመቼ ወዲህ ነው በነፃ የሚያበላው? አገሬው ልጆቹን ሊነጥቁት መሰለው። ዕጣ የወጣበት አያ ማለደ አንድያ ልጁን ዳኛውን ጎታ ውስጥ ደብቆ፣ የሟች ወንድሙን ልጅ ማሩን «ዳኛው ማለደ ይኸውላችሁ» ብሎ አስረከበ።

ማሩ መጀመሪያ አለቀሰ፤ ኋላ ግን ትምህርቱ ጣፈጠው። ለሁለተኛ ደረጃ የሚያልፉት ጥቂት ናቸው፤ አልጋው አይበቃም፣ መጽሐፉም ለሦስት አንድ ነው። ያም ሆኖ ፈተናውን አለፈና «ዳኛው ማለደ» ተብሎ ስሙ ተለጠፈ። ደስ ሊለው ሲገባ ፈራ። የተማረ ሁሉ ደሞዝተኛ ሆነ የሚለው ወሬ ኮሶዬ ገብቷላ! አያ ማለደም ገበያ በመጣ ቁጥር የማሩን ካኪ እየዳበሰ «ሸጋ ልብስ ነው፤ ለዳኛውም ልኩ ነው» ይል ጀምሯል። ያን በሰማ ቀን ማሩ ካኪውን ተንተርሶ ያድራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ ጠርጥሮም የሚመነጠር አለ እንጂ!

ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው አያ ማለደ ዳኛውን አስከትሎ መጣ። ዳኛው ፊደል እንኳ በቅጡ ያልለየ ጎረምሳ ነው።

«በል፣ አውልቅ» አለ ማለደ።

«ምነው አያ? ፈተናውን ያለፍሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«ስሙ የማን ነው? ዕጣውስ የማን ነው? ያሳደግሁህ አንሶ ልጄን ልትቀማው ነው?»

ማሩ ያሳደገውን ሰው መቃወም አልሆነለትም። ካኪውን አውልቆ ሰጠና ኮሶዬ ገብቶ ሞፈር ጨበጠ።

ሁለተኛ ደረጃው ሌላ ግቢ ነው፤ አስተማሪዎቹም አዲስ ስለነበሩ ዳኛውን የለየው የለም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ሰሌዳ ፊት አቆሙት። ጠመኔውን ከማገላበጥ በቀር ምንም አልሆነለትም። በዚያው ተባረረ።

አያ ማለደ እርሻው ድረስ እያለከለከ መጣ። «ልጄ፣ በድዬሃለሁ! ሂድ፣ ግባበት!»

ማሩ በሬውን እንደጠመደ ጥሎ ጎንደር ወረደ። የሁለተኛ ደረጃው ጸሐፊ መዝገቡን አየ።

«ዳኛው ማለደ ተባርሯል፤ አልጋውም ለሌላ ተሰጥቷል። አንተ ማን ነህ?»

«ማሩ ነኝ ጌታዬ። እስከ ስምንተኛ የተማርሁት እኔ ነኝ።»

ጸሐፊው ከታችኛው ትምህርት ቤት የተላለፈውን የስምንቱን ዓመት መዝገብ አንድ በአንድ ገለጠለት።

«ማሩ የሚባል ልጅማ» አለ፣ «አንድ ቀንም ተምሮ አያውቅም።»