የአዴ ሙና መስኮት

ከአንደኛ ክፍል ያባረሩኝ እናቴ ስለምታስል ነው። እኔ አላስልም ነበር፤ ጤና ጣቢያ መርምረው ነፃ ነህ ብለውኛል። መምህሩ ግን «ወላጆች አልተስማሙም» ብሎ ከበር መለሰኝ። ፂሜ እስኪሸብት ፊደል ሳልቆጥር ኖርኩ።

ሰሞኑን በቀፊራ ገበያ ሳልፍ የባጅያ ዘይት ሸተተኝና አዴ ሙና ትዝ አለችኝ። አከራያችን ነበረች። ፀሐይዋ በረድ ስትል በራፏ ላይ ጥቁር መጥበሻዋን ትጥዳለች፤ የተፈጨ ባቄላ በሽንኩርትና በቃሪያ ለውሳ ዘይቱ ውስጥ ትጥላለች። ሺቲ ቀሚሷ ዘይት ዘይት ይሸታል። ሬዲዮኗ በሶማሊኛ ያወራል፣ እሷ በኦሮምኛ ትመልስለታለች፣ ከእኛ ጋር ደግሞ በአማርኛ ትጣላለች።

እናቴን ሳንባ ነቀርሳ ይዟታል ሲባል ጎረቤቱ ጀሪካናችንን እንኳ መንካት ተወ። አዴ ሙና አላስወጣችንም። ግን እውነቱን ልናገር፣ በሽታው ምን እንደሆነ አልገባትም ነበር። ብርድ ነው ብላ አመነች። ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ አልጋውን ግቢ አውጥቶ በሚተኛበት ወር የእኛን መስኮት በአሮጌ ጨርቅ ጠቀጠቀችው። እናቴ በላብ ተጠምቃ ታስላለች፤ እኔም እዚያው አጠገቧ ነኝ።

ደንበኞቿ መቅረት ጀመሩ። አንድ ወፍራም ጋሪ ነጂ ነበር፣ እሱ ፊት ለፊት ተናገራት።

«አዴ፣ ያቺን ሴትዮ ካላስወጣሽ ባጅያሽን ማን ይበላል?»

«አትብላ አቦ! ሆድህም ትንሽ ይረፍበት።»

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ አንዲት ወጣት መጣች፤ ለአዴ ሙና የልጅ ልጅ ብትሆን ነው። ክፍላችንን ስታይ ተቆጣች።

«አዴ፣ ብርድ እኮ አይደለም! በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው። እንዲህ ዘግተሽ ልጁንም ልታስይዢው ነው። አየር ይግባ፤ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከዋጠች ትድናለች።»

ጋሪ ነጂውና ሰፈርተኛው በር ላይ ቆመው ይሰማሉ። አዴ ሙና ልጅቷን አየቻት።

«ወላሂ ተሳስቻለሁ» አለች።

ወንበር ላይ ወጥታ ጨርቁን ሁሉ መዛ ጣለችው። ከዚያ የሽቦ አልጋውን በአንድ በኩል ያዘችና ወደ ጋሪ ነጂው ዞረች።

«ምን ትገተራለህ? አንሳ እንጂ!»

ሳያስበው አነሳ። አልጋው እየተንቋቋ ግቢ ወጣ።

ከሳምንታት በኋላ ያቺው ወጣት መምህሩ ዘንድ ሄደች። እናቱ መድኃኒት ጀምራ በሽታውን ማስተላለፍ አቁማለች፣ ልጁም ጤነኛ ነው፣ አስገባው አለችው። ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አላስገባኝም። እንደ አዴ ሙና ሳይገባው ቀርቶ አይደለም፤ ማንበብ የሚችል ሰው ነበር። ይቅር አላልኩትም።

እናቴ ዳነች። ከአዴ ሙና ጎን ባቄላ እየፈጨች አረጀች። አዴ ሙና ከሞተች ቆየች፤ መጥበሻዋን ልጆቿ ወሰዱት፣ ቤቱም ፈርሶ ፎቅ ሆኗል። ለእኔ የቀረችልኝ ያቺ «ተሳስቻለሁ» ነች።

የጎልማሶች ትምህርት ስገባ አስተማሪዬ ከልጄ ብዙም አትበልጥም ነበር። በሁሉ ፊት «ጋሼ፣ ተሳስተዋል፤ ይሰርዙና ደግመው ይጻፉ» አለችኝ። አንዱ ሳቀ። ደሜ ፈላ፤ ደብተሬን ሰብስቤ ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ አዴ ሙና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወንበር ላይ ወጥታ ጨርቁን ስትመዝ ታየችኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰርዤ ደግሜ ጻፍኩ።

የስምንተኛ ክፍል ውጤት ሲለጠፍ ማንም አላነበበልኝም። ስሜን ፈልጌ፣ «አልፏል» የሚለውን በጣቴ ተከትዬ ራሴ አነበብኩት። ባለፈው ዓመት፣ ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን።