በስምንት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ

ሳሕራን የማውቃት ከልጅነቷ ነው። ገንደ ቆሬ በሚባለው ሰፈር ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቶች ነበርን፤ አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ዛሬ አርክቴክት ናት። ለዋሂል ከተማ ትንሽ ሙዚየም ሲታሰብ ንድፉን የሰጡት ለእሷ ነው፤ እኔንም ለሽበቴ ሲሉ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ።

የነደፈችው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ጠባብ መስኮትና ዙሪያውን በረንዳ ያለው ቤት ነበር። ሰብሳቢያችን ዐብዲገኒ፣ ባለ ጭነት መኪናው፣ የፈለገው ግን ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰ፣ ከመንገድ የሚያብረቀርቅ ሕንፃ ነው። «የግመል ቃጭል ልናስቀምጥ እንጂ ግመል ልናሳድርበት አይደለም» አላት። ሳቅን፤ እሷም ሳቀች። በሚቀጥለው ስብሰባ ካላሳመነችን ግን ሥራው ለሌላ ሊሰጥ ነበር።

ያን ስብሰባ በስምንት ሰዓት ጠራችው። በእኛ አገር ከቀኑ በስምንት ሰዓት ከሙቀቱ የተነሣ ሱቅ ይዘጋል፣ ሱሪ በሽርጥ ይለወጣል፣ ሰው ይጋደማል። ለቅሶ እንኳ አይደረስም። ዐብዲገኒ፣ አቦ ይቺን ልጅ ፀሐይ መትቷታል፣ እያለ መጣ።

መጀመሪያ የተቀመጥነው ዋሂል ባለው በራሱ አዲስ ባለመስታወት ቢሮ ነው። ቬንትሌተሩ የሚያመላልሰው ትኩስ አየር ነበር፤ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተጣበቀ። ሳሕራ ምንም ሳታስረዳ አስነስታ አዴ ሀዎ ወደሚባሉ እናት አሮጌ የድንጋይ ቤት ወሰደችን። አዴ ሀዎ ጫማ አስወልቀው ቀዝቃዛው ወለል ላይ አስቀመጡን፤ ውሃ ሰጡንና ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ ለመኑን፤ ጓዳ የተኙ ልጆች ነበሩ።

ሳሕራ ንድፉን ዘረጋች። ስለ ግድግዳው ውፍረት መናገር ስትጀምር ዐብዲገኒ ትራስ ሳበ። ጥቂት ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ አንኮራፋ። አልቀሰቀሰችውም። ወረቀቷን ጠቅልላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀች።

በተማሪነቴ ስለ ውበት ብዙ አንብቤአለሁ። ዓይን ብቻ የሚያየው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ገላም ያየዋል።

ዐብዲገኒ ሲነቃ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ዙሪያውን አየ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ግድግዳው በዚሁ ይሁን» አለ። «በረንዳውን ግን አስፊው። ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ለእሱ ነው።»

ሙዚየሙ ዘንድሮ ተከፈተ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሲታሰብና ሳይጀመር ሲቀር አይቻለሁ፤ አንድ ነገር አልቆ በሩን ገፍቼ ለመግባት መድረሴ ፈጣሪን ያስመሰግነኛል። ለሳሕራም ምስጋናዬን ነገርኋት። ስለ እኔም፣ ስለ ዋሂልም፣ ያን ቀን ስለ ታገሠችው የዐብዲገኒ እንቅልፍም አልኋት።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «እርስዎ እኮ ከእሱ በፊት ነው ያንኮራፉት።»