አፍ ሙሉ ስፒል

ስለ ልብስ ሰፊዋ የማውቀው ጥቂት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀሚሶቼን አሳጥረውልኛል፤ ስማቸውን መጠየቅ አፍሬ ግን «እትዬ» እያልኩ ቀረሁ።

ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም። አምና የጎረቤቴን ደረት ሲለኩ እጃቸው ብብቷ ሥር እብጠት ነካ። ወዲያው የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው፣ እየጎተቱ ሐኪም ቤት አደረሷት። ካንሰር ነበር፤ ቶሎ ተደርሶበት ዳነች።

ከዚያ ወዲህ ልትለካ የመጣችውን ሁሉ ጡቷን ተመርምራ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ያፈረች ካለች፣ «ሐኪሙ ቢያይሽ አይነክስሽም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይሏታል። ሴቱ ሁሉ ይስቃል።

ትናንት ቀሚስ ላሳጥር ስሄድ ብቻቸውን ነበሩ። የለበሱት ቀሚስ በግራ ብብቱ በኩል ተተርትሮ፣ ሌላ ጨርቅ ገብቶበት ሰፋ ብሏል። በቀኙ በኩል ያለው ስፌት ግን የድሮው ነው። ለቀሚሴ የሚሆነው ክር በግራቸው ካለው መደርደሪያ ላይ ነበር። ዞረው በቀኝ እጃቸው አወረዱት፤ እንደዚያም ሆኖ ፊታቸው ተጨማደደ።

እንደምንም ደፍሬ፣ «እትዬ፣ እርስዎስ ተመርምረዋል?» አልኳቸው።

ቀና ብለው ለአፍታ አዩኝ። ለቀሚሴ ጠርዝ ስድስት ስፒል ይበቃው ነበር። እሳቸው ግን ስፒል ከሚሰኩባት ትንሽ ትራስ ላይ አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ አፋቸው እስኪሞላ በከንፈራቸው ያዙና እግሬ ሥር ተንበረከኩ።